እናቴ እንግሊዝኛ ያስጠናችበት ክረምት

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እንግሊዝኛ እንደ ጥርስ በጊዜው የሚበቅል ነገር ይመስለኝ ነበር። እናቴ ወለተኢየሱስ ትምህርት ቤት ስትሄድ አይቼ አላውቅም። ቤታችን ውስጥ ያለው ደብተርና እስክሪብቶ በሙሉ የታላቅ እህቴ የሠርከአዲስ ነው። ሆኖም በዚያ ክረምት እናቴ የነጭ ሽንኩርቷን አፈር እያራገፈች «ተስፋ መቁረጥ!» ስትል፣ እህቴ ከምድጃው ማዶ «ጊቭ አፕ!» ትላለች።

«መንከባከብ!»

«ሉክ አፍተር!»

«ጨርሶ ማለቅ!»

«ራን… ራን ኦፍ!»

«አይደለም። ድገሚው።»

«ራን አውት!»

«ትክክል።»

ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ? የማያውቅ ሰው እንዴት «አይደለም» ይላል? እናቴ እንግሊዝኛ ታውቃለች። ሠርኬም ጊዜዋ ደርሶ እያወቀች ነው። የእኔም ተራ ይመጣል። ፊት ለፊት ወልቀው የነበሩት ሁለቱ ጥርሶቼስ ማንም ሳያስተምራቸው አልበቀሉም?

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሠርኬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ አልመጣላትም። በዚያው ሰሞን ጎባ ውስጥ አንድ የአስጎብኚዎች ማኅበር ሁለት አዲስ ሰው እቀበላለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ፈተናው እንግሊዝኛ ነው፤ ያውም መጽሐፍ ላይ ያለው ሳይሆን ፈረንጆቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት፣ ሁለት ሦስት ትንንሽ ቃል ተለጣጥፎ ሌላ ነገር የሚሆነው። ሠርኬ ካለፈች ሳኔቲ ተራራ ላይ ለእንግዳ ቀይ ቀበሮ ታሳያለች። ካላለፈች ደግሞ ጎሮ ሻይ ቤት ያላት አክስታችን ጋ ሄዳ ብርጭቆ ታጥባለች። ይህ ተነግሮ አልቋል፤ አክስቴ አልጋውን ሳይቀር አዘጋጅታለች።

እኔን ያስጨነቀኝ እግሬ ነው። የምተኛው ከሠርኬ ጋር ነበር፤ በጎባ ብርድ እግሬን ጭኗ መሀል ከትቼ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። እሷ ጎሮ ከሄደች እግሬን የት ላደርገው ነው?

እናቴ ያላት ሥራ እንደ ሌላ አስተማሪ ተቀምጣ እንድታስጠና አይፈቅድላትም። ገበያ መድረስ አለባት። ስለዚህ ባለ ሁለት ኪስ ሽርጧን ታጥቃ በቀኝ ኪሷ የባቄላ ፍሬ ትሞላለች። ሠርኬ አንድ በመለሰች ቁጥር አንድ ባቄላ ወደ ግራ ኪስ ይሻገራል። ካልመለሰች ቀኝ ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ በኋላ እንደገና ይጠየቃል። እንዲህ እያሉ ሽንኩርት ተሸክመው ዳገቱን ይወጡታል። አንዷ በአማርኛ ትጮኻለች፣ አንዷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው ቆሞ ያያቸዋል።

እናቴ ይህን እንዴት እንደምትሠራው ዛሬ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ሠርኬ የዕለቱን አሥር መስመር ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ ታነብ ነበር። እኔ ለራሷ የምታጠና ይመስለኝ ነበር። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እየለቀመች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የዘወትር ጸሎቷን የምታደርስ መስሎኝ በዚያ ሰዓት እንኳን ላናግራት፣ አልስልም ነበር።

እንዲህ ያለች እናት ይዞ ዝም ማለት ደግሞ አይቻልም። የባለሱቁን የከሊልን ልጅ ዙሀይራን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አገኘኋት።

«እናቴ እንግሊዝኛ ታስተምራለች» አልኳት።

«ውሸታም! እናትሽ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው።»

«ሽንኩርቱን ለእንጀራ ነው። እንግሊዝኛውን ደስ ስለሚላት ነው።»

«ወላሂ በይ!»

«እኔ ወላሂ አልልም። ማርያምን!»

ዙሀይራ ማርያምን ስል ዋዛ እንዳልሆነ ታውቃለች። በማግስቱ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ ከማለዲን ዝናብ እንዳይነካው ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ በራችን ላይ ቆመ። እሱም ለዚያው ፈተና ነው የተመዘገበው።

«አካም ቡልተን አዴ ወለተኢየሱስ» አለ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው፣ አዴ ደግሞ በአገሩ ወግ ለእናቶች የሚባል ነው።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነኝ። ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል።»

«እርስዎ ያስጠናሉ ሲሉ ሰምቼ ነው። እኔ ብቻዬን ሳጠና ሳላይ እመልሳለሁ እላለሁ፤ ዓይኔ ግን ይሰርቅብኛል። እንደ ሠርኬ ይጠይቁኝ ብዬ ነው።» ይህን ብሎ ደብተሩን ከፍቶ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

ሠርኬ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። እናቴ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ከበሩ ኋላ ተለጥፌያለሁ። ከዚያ ደብተሩን ተቀበለችና አየት አድርጋ መለሰችለት።

«መጀመሪያ አንተ ጮክ ብለህ አንብብልኝ። ሁለት ጊዜ። አነባበብህን ልስማው።»

ቆጣ ስትል እንዴት አስተማሪ አስተማሪ ትሸታለች! አልኩ በልቤ። ሌላ መውጫ እንዳልነበራት ማን ነግሮኝ? ከማለዲን እያነበበ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ጸሎቷን ያቋረጣት መስሎኝ ተናደድኩበት። ሁለተኛውን ዙር ሲጨርስ ግን ደብተሩን ብብቷ ስር ሸጎጠችና አንድ በአንድ ጠየቀችው። ገልጣ አላየችም። ሲሳሳት «አይደለም» አለችው። «በቃልዎ ነው እንዴ የሚያውቁት?» አላት። «አንተም በቃልህ እንድትይዘው ነው» አለችው።

እሱ እንደ ወጣ ሠርኬ ፈነዳች።

«እማዬ፣ ሁለት ቦታ ነው ያለው እኮ! ከእኔ ጋር የሚሻማውን ሰው ታስጠኛለሽ?»

«የሰው ልጅ ደጄ ድረስ ደብተር ይዞ መጥቶ ሂድ ልበለው? አልለውም። ደግሞ የእሱ ደብተር ላይ አንቺ ጋ የሌለ አለ። አብረሽ ስሚ።»

በሳምንቱ ሦስተኛ ተጨመረ። ኢፋ ይባላል፣ ከሳኔቲ ማዶ ካለችው ከሪራ ነው። ጫካውን፣ የንቡን ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ፣ የቀበሮውን ጉድጓድ በሌሊትም ቢሆን ያውቃል፤ እንግሊዝኛው ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ጎባ ዘመድ ጋ አርፎ ፈተናውን ይጠብቃል። ዓይን አፋር ስለሆነ ሲመልስ የሚያየው መሬቱን ነው። እናቴ ሦስት ተማሪ ማግኘት ማለት ሦስት ተሸካሚ ማግኘት እንደሆነ ቶሎ ገባት። ከዚያ ወዲያ ወደ ገበያ የሚወጣው ሰልፍ ይህን ይመስል ነበር፦ ከፊት እናቴ፣ ከኋላዋ ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት የተሸከመ ከማለዲን፣ ከዚያ ኢፋ፣ ከዚያ ሠርኬ፣ በመጨረሻ ሚዛኑን የታቀፍኩ እኔ።

«ዝግ ማለት!» ትላለች እናቴ ሳትዞር።

«ስሎው ዳውን!» ይላል ከማለዲን እያለከለከ። «አዴ፣ እኔም እኮ ልመናዬ እሱ ነው!»

አንድ ቀን የከማለዲን ተራ ሆኖ፣ ፈርቶ ወደ ኋላ ማለትን ፈረንጅ ‹ኮልድ ፊት› እንደሚለው፣ ትርጉሙም እግር በረደው እንደሆነ አነበበላት። እናቴ ቆመች።

«እኛን ስንፈራ ጉልበታችን ነው የሚከዳን። እነሱን እግራቸውን ይበርዳቸዋል?»

«እንዲህ ነው የሚለው አዴ።»

«ታዲያ በእነሱ ቤት ጎባ ያለ ሰው በሙሉ ፈሪ ነው በለኛ!»

ኢፋ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

እኔ ግን አልሳቅኩም። እግሬን ማሰብ ነበረብኝ። ከማለዲን ፈጣን ነው፤ ሁለት ቦታ ሲሆን ሠርኬን ሊያስቀራት ይችላል። ስለዚህ በእሱ ተራ ከእናቴ ቀኝ ኪስ አንድ ባቄላ ሰርቄ ጉንጬ ውስጥ ደበቅኩ። ሂሳቤ ቀላል ነው፤ ያልመለሰው ባቄላ ከጠፋ አይጠየቅም፣ ካልተጠየቀ አያጠናውም፣ ካላጠናው ይወድቃል። እናቴ ኪሷን ዳበስ አደረገች።

«አንድ ጎድሏል። ‹ደርሶ መያዝ› የሚለውን ገና አልመለስክም።»

«ካች አፕ!» አለ ከማለዲን።

«ትክክል። ምኞት፣ ትፊው!»

ባቄላውን መዳፏ ላይ ተፋሁት። በሽርጧ ጠራርጋ ወደ ግራ ኪሷ ከተተችው።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ሠርኬ ፎርም ልትሞላ ሮቤ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኢፋ አንድ የታተመ ወረቀት ከደረቱ ስር አውጥቶ ገባ። ማኅበሩ ለተፈታኞች ያደለው ነው፤ ሃያ አዲስ አባባል አለበት። ከማለዲንም ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ የራሱን ኮፒ ገና አልወሰደም።

«አዴ» አለ ኢፋ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ይህችን አንዴ ያንብቡልኝ። እኔ ካነበብኳት አበላሽቼ ነው የምይዛት። ከእርስዎ አፍ ልስማት።»

እናቴ ‹መጀመሪያ አንተ አንብብልኝ› የምትለው ነገር ነበራት። ወሩን ሙሉ ያወጣት እሱ ነው። ያን ቀንም አፏ ድረስ ደርሶ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ግን ኢፋ አጣምሞ፣ ከማለዲንም አዲሱን ቃል በግምት ካነበበው እሷም የምትይዘው ጠማማውን ነው፤ መልሳ የምትሰጠውም ያንኑ ነው። ልጁ ደግሞ ይህን ፈተና ብሎ ሳኔቲን በእግሩ አቋርጦ የመጣ ነው። እጇን በሽርጧ ጠረገች። የተጠረገ እጇን እንደገና ጠረገች።

«ኢፋ፣ ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅም።»

ከማለዲን ሳቀ። ማንም ስላልተከተለው አቆመ። «ኧረ አዴ!»

«እውነቴን ነው። የአማርኛውንም አላውቅ፣ የእንግሊዝኛውንም አላውቅ። ያነበባችሁልኝን ነው መልሼ የምሰጣችሁ።»

«መቶውንም አባባል?» አለ ከማለዲን።

«መቶ ሁለት ነው። ያንተ ደብተር ሁለት ትርፍ አለው።»

እናቴ በሩን ታያለች፤ ተነስተው እንዲሄዱ የምትጠብቅ ትመስላለች። ከማለዲን ራሱን አከከ።

«እና ይህን ሁሉ ማዳበሪያ ሽንኩርት ያሸከመኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«መቶ ሁለት…» አለ ከማለዲን ለራሱ። «እኔ ከነደብተሬ ሰባውን አልያዝኩም።»

ኢፋ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈና ደረቱ ስር መለሰው። «ደንሳ ነው» አለ፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። «ሠርኬ እስክትመጣ እንጠብቃለን። እሷ ታነባለች፣ እኛም እርስዎም እንሰማለን።» ከዚያ በዱካው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ማንም አልሄደም። ሠርኬ በመጨረሻው ሚኒባስ በስብሳ ስትገባ ሦስቱም ሽንኩርት ሲለቅሙ አገኘቻቸው።

እኔ በበኩሌ እናቴ እንዲህ ጎበዝ ውሸታም መሆኗን ባለማወቄ ተደነቅኩ። ሃያውን ለሠርኬ ብቻ ልታስቀርላት ነው ብዬ ነው የተረዳሁት! ይህንኑ ለዙሀይራ ሄጄ ነገርኳት፤ እሷም ለወንድሟ ተቆርቁራ ክንዴን ነከሰችኝ። ጠባሳው የለም፣ እምነቱ ግን ስድስት ዓመት ቆየ። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ የቦታችን ካርታ ሊወጣ ቀበሌ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው እስክሪብቶ ሲሰጣት ዝም ብላ አውራ ጣቷን ዘረጋች። ጣቷ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም ሳየው ያ ዝናብ፣ ያ ሽርጥ፣ ያ ‹አነባበብህን ልስማው› ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ።

በዚያን ጊዜ እኔ ትምህርቴን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ከዚያ ክረምት በኋላ አንደኛ ክፍል ገብቼ ፊደሉን ገና ሳልይዝ የእናቴ ወገብ ታመመና ሚዛን የሚይዝላት ሰው ጠፋ። ትምህርት ቤት ካልሄድሽ ብላ ተቆጥታኝ ነበር፤ እኔ ግን አልከፋኝም። ለምን ይከፋኛል? ይበቅላል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። አሁን ሮቤ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ከቆጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ልጄ ዮዲ ሁለተኛ ክፍል ናት። የቤት ሥራሽን ሠራሽ ወይ ብዬ ማታ አንዴ፣ ጠዋት ሁለቴ እጠይቃታለሁ። «እማ፣ አንቺ ከፈተናው በላይ ታስፈሪያለሽ» ትለኛለች። ትበል። ዝም ብሎ የሚበቅል ነገር እንደሌለ ልጄ ከእኔ ቀድማ ትወቅ።

የፈተናው ዕለት እናቴና እኔ ከማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ስር ተጠልለን ጠበቅን። አሥራ ሰባት ተፈታኝ ነበር። ሁሉም ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ወጣና ደብተር ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ አለ። ከዚያ ዱላውን አንስቶ ወደ ባሕር ዛፉ ዳገት መራመድ ጀመረ። ተፈታኞቹ ተያዩ፤ ከዚያ እየተጋፉ ተከተሉት።

«ምን ሊያደርጋቸው ነው?» አልኳት እናቴን።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። ሽርጧን ጨምድዳ ይዛለች።

ከሰዓታት በኋላ ሲመለሱ ሠርኬ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች፤ እየሳቀች ነው። ፈተናው መንገድ ላይ ነው አለች። ሰውዬው እንደ ቱሪስት ሆኖ ዳገት ላይ ድንገት ይዞርና አንድ ነገር ይላል፤ የተጠየቀው ሰው እየተራመደ ወዲያው መመለስ አለበት። ተቀምጠው ያጠኑት ትንፋሽና ቃል አንድ ላይ ጠፋባቸው። አንዱማ ደብተሬን አምጡልኝ ብሎ ለመነ አሉ። «እኛ ግን እማዬ፣ ሽንኩርቱ ብቻ ነው የጎደለን!»

ሸበቶው ሰውዬ በረንዳው ላይ ቆሞ ስም ጠራ። አንደኛ ሠርከአዲስ። ሁለተኛ ኢፋ። ከማለዲን ሦስተኛ፣ ተጠባባቂ።

ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። እግሬ ተረፈ! አስጎብኚ ማለት ከሳምንቱ ግማሹን ተራራ ላይ ድንኳን ውስጥ የሚያድር ሰው እንደሆነ የነገረኝ የለም። ከጥቅምት ጀምሮ በሁለት ካልሲ ተኛሁ።

ከማለዲን ያንኑ ዕለት አሥር ሰዓት ላይ፣ ኢፋም ቤታችን ሳለ፣ መጣ። እናቴ ተነስታ ቆመች።

«እኔ ነኝ ወይ ያስቀረሁህ? ለኢፋ የሰጠሁትን ላንተ አጓድዬ ይሆን?»

«ኧረ አዴ! ከአሥራ ሰባት ሰው ሦስተኛ ነኝ። እኔ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ወጥቼ አላውቅም፤ አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ እያወራ ነው። ደግሞ ተጠባባቂ ነኝ፣ ይጠሩኛል።» በእርግጥም ጥር ላይ ተጠራ። ዛሬ ሳኔቲን የሚያቋርጥ የራሱ መኪና አለው።

እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። ሠርኬን፣ ኢፋን፣ ከማለዲንን በየተራ አየቻቸው።

«እንግዲያው እኔንም ጠይቁኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። መቶ ሃያ ሁለቱን። እናንተ ተፈትናችኋል፤ እኔም ልፈተን።»

እየቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። እነሱ አልሳቁም። ሦስቱ ፊት ለፊቷ ተደርድረው እየተቀባበሉ ጠየቋት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መለሰች፤ አንዳንዱን ጥያቄው ሳያልቅ። መቶን አለፈች። መቶ ሃያን አለፈች። ከዚያ ኢፋ «በጉጉት መጠበቅ» አላት።

እናቴ አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

«አትንገሩኝ» አለች። ጠበቁ። ሠርኬ ልትረዳት ብላ ከንፈሯን ስታሾል «አትንገሩኝ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች። አልመጣላትም። ያን ማታ እራት አልበላችም፤ ከማለዲን መቶ ሃያ አንድ ማለት ከእኔ ይበልጣል ቢላትም አልሰማችውም።

በማግስቱ ገበያ ላይ ከገሰራ ለመጣች ሴትዮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እየመዘነች ሳለ ሚዛኑን ለቀቀችው።

«ሉክ ፎርዋርድ ቱ!»

«ምን አሉኝ?» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ።

«አንቺን አይደለም። ምኞት! ሩጪ፣ ለከማለዲን ‹ሉክ ፎርዋርድ ቱ› በይው። ማንም አልነገራትም በይው!»

አፌ ውስጥ እንዳይጠፋብኝ እየደጋገምኩ፣ የሰው እህል እየዘለልኩ ከሊል ሱቅ ድረስ ሮጥኩ። ከማለዲን ሰማኝና ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀደደ። ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ቀስ እያለ ጻፈ፤ አጣጥፎ ሰጠኝ። «ለእሷ ነው። እንዳታረጥቢው» አለኝ።

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ዘረጋችው። ሁለት መስመር ነው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«የትኛው ነው ስሜ?»

ልትፈትነኝ መሰለኝ። እነሱን ፈትና ጨርሳ የእኔ ተራ ደርሶ ነዋ! ማወቅ ስላለብኝ አላውቅም ማለት አልቻልኩም። ስሟ ረጅም እንደሆነ ግን ከጥሪው አውቃለሁ። ረጅሙን ቃል ፈልጌ ጣቴን አሳረፍኩበት።

ወረቀቱን ሠርኬ አስቀምጣው ስለነበር አምና ራሴ አነበብኩት። «እትዬ ወለተኢየሱስ፣ 122 ከ122። አልፈዋል» ይላል። ረጅሙ ቃል ስሟ ነበር።

እናቴ ጣቴን በቀስታ አነሳችና የራሷን አፈር የነካው ጣት በቦታው አሳረፈች። የገሰራዋ ሴትዮ «ኧረ እትዬ፣ ሽንኩርቴስ?» እስክትል ድረስ ከዚያ አላነሳችውም።